አጃን ለመረጋጊያ፦ የዘንድሮው ቆረጣ

የዘንድሮው እሸት አጃ ደርቆም አረንጓዴ ነው። ሲሸቱት አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል፤ ውኃው ውስጥ ሲቆይ ለስለስ ያለ ጣፋጭነት ይሰጣል። ከአምናው የገረጣ ገለባ አጠገብ ሲቀመጥ ልዩነቱ በዓይን ይለያል፤ ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ።

ሰሜን ሸዋ አጃን የሚያውቀው በአጥሚት፣ በገንፎና በከብት መኖ ነው። አጥሚቱ የፍሬው ነው። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ የሚፈለገው ግን አረንጓዴው ተክል ነው፦ አገዳው፣ ቅጠሉና ወተት የያዘው ዛላ። አጥሚት ጠጥቶ «አጃ አላስተኛኝም» ማለት ሌላ ነገር ሞክሮ በሌላ መፍረድ ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ አረንጓዴውን አጃ ለቀላል የአእምሮ ውጥረትና ለእንቅልፍ ማገዣ ይቀበላል፤ የተቀበለውም በረጅም ዘመን ልማዱ እንጂ በሕክምና ሙከራ ተረጋግጦ አይደለም። ስለዚህ «ያድናል» አልልም፤ «ያረጋጋል» ይበቃዋል።

ስለ አዘራሩ ብዙ የምለው የለም፤ ክረምቱ ሲገባ የተዘራ አጃ በደጋው መሬት ራሱን ችሎ ያድጋል። ከሰው ማሳ የምትቆርጡ ከሆነ ግን ቱ-ፎር-ዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያ ተረጭቶ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተረጨ ከሆነ ተዉት።

የነገሩ ሁሉ መቋጠሪያ የቆረጣው ቀን ነው። አበባው ካለፈ በኋላ ፍሬው በመጀመሪያ ውኃ ይሆናል፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ሊጥ፣ ከዚያ ይጠነክራል። ወተቱ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ነው። መለኪያው የአውራ ጣት ጥፍር ነው፤ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ፍሬውን ከእብቁ ጋር ይዛችሁ በጥፍር ስትጫኑት ነጭ ጠብታ ፊጭ ካለ ደርሷል። ጥርት ያለ ውኃ ከወጣ ሦስት አራት ቀን ቆዩ፤ እንደ ሊጥ ከተጨመቀ አልፏል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የዛላውን ጫፍ ብቻ በመፈተን ነው። አጃ ከላይ ወደ ታች ስለሚበስል ጫፉ ሊጥ ሲሆን ታቹ ገና ውኃ ሊሆን ይችላል። የመሃሉን ፍሬ ፈትኑ፤ ከማሳው አራት አምስት ቦታም ሞክሩ። የጥቅምት ውርጭ ደግሞ አይጠብቅም፤ ዘግይቶ የተዘራ አጃ ወተቱን ሳይጨርስ አንድ ሌሊት ሊያቃጥለው ይችላል። ቆረጣው ጤዛው ከተነሣ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትከር ይሁን።

አሁን አጥብቄ የምናገረው ስለ ስናር ነው። ስናር በገብስና በአጃ ማሳ ውስጥ የሚበቅል የአጃ ዘመድ ነው፤ ሩቅ ሆነው ሲያዩት አንድ ናቸው። የስናር ጢም ረጅም፣ ከሥሩ የተጠማዘዘ፣ መሃሉ ላይ የታጠፈ ነው፤ የአጃ ጢም ቀጥ ያለ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጨርሶ የለም። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አያሳስብም፦ ስናር ኤርጎት የሚባለውን ፈንገስ ይሸከማል። በ1970 ዓ.ም. በጎረቤታችን በወሎ እንዲህ ዓይነት ስናር የተቀላቀለበት እህል የበሉ ሰዎች እጅ እግራቸው በጋንግሪን ደርቆባቸዋል። ኤርጎት ሲበስል ከእብቁ የሚወጣ ጥቁር ሐምራዊ ቀንድ ስለሚመስል ይታያል። እኛ የምንቆርጠው ግን ገና በእሸቱ ነው፤ በዚያ ጊዜ ፈንገሱ የሚታየው እንደ ማር በሚያጣብቅ ፈሳሽ ነው። ከፍሬው ወተት የሚለየው ሳይጫኑት ከእብቁ ውጭ በመገኘቱ ነው። ጣት ላይ ከተጣበቀ ያንን ዛላ ብቻ አትጣሉ፤ ያንን የማሳ ክፍል በሙሉ ተዉት። ቅጠሉ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት፣ ማለትም ዋግ፣ ያለበትንም እንዲሁ።

ማድረቂያው ጥላ ነው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ አጃ ይገረጣል፤ የአምናው የገረጣው በዚሁ ነበር። ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲሜትር ቆራርጦ ሰፌድ ላይ ስስ አድርጎ መዘርጋት፣ በቀን ሁለቴ መገልበጥ፣ ማታ ወደ ቤት ማስገባት። ጭስ ካለበት ማድ ቤት ግን አይሁን፤ ጭሱን ይጠጣል። አገዳው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ዛላው ከአገዳው ይዘገያልና ለብቻው ይድረቅ። ሁለቱን አንድ ላይ አሽጎ ማስቀመጥ ሻጋታ መጥራት ነው።

አጠጣጡ፦ 3 ግራም ለ250 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ በስኒ ዘፍዝፎ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ውኃ ማባከን ነው። ፔርሙስ ውስጥ ከድኖ ከአራት ሰዓት ያላነሰ ማቆየት፣ ከዚያ ማጥለል። የቀረው በዚያው ቀን ይጠጣ፤ ቢያድር ይኮመጥጣል።

በአረቄ መዘፍዘፍም አለ፦ 100 ግራም እርጥብ ዛላ ለ200 ሚሊ ሊትር። እርጥቡ ዛላ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ተራ አረቄ ይቀጥንና ይበላሻል፤ ዳግም አረቄ ያስፈልጋል። እውነቱን ለመናገር እኔ ሻዩን እመርጣለሁ። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ መጠኑን በልበ ሙሉነት መናገር አልችልም፤ ለእንቅልፍ ብሎ ማታ ማታ አረቄ መልመድም አልወድም።

ነፍሰ ጡር፣ የሚያጠባ፣ የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምር። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የማይስማማውም ይጠንቀቅ፤ አጃው ከገብስ ማሳ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል።

ለሚመጣው ክረምት ዘሩን በአስራ አምስት ቀን ልዩነት በሁለት መደብ እዘራለሁ። የአንደኛው ወተት ቢያልፍ ሁለተኛው ይደርሳል፤ ውርጩም ሁለቱን እኩል አያገኛቸውም።