ከዩስተን እስከ ቪላ ፓርክ

አስቶን ቪላ እኛን የአርሰናል ሰዎች ባለፈው የውድድር ዓመት ሁለት ጊዜ አሸንፎናል። በኅዳር መጨረሻ በሜዳው 1 ለ 0፣ በሚያዝያ ደግሞ በእኛው ሜዳ 2 ለ 0። ዓመቱ ሲዘጋ ማንቸስተር ሲቲ 91፣ አርሰናል 89 ነጥብ ነበራቸው። ከእነዚያ ሁለት ጨዋታዎች አንዱን ብቻ አሸንፈን ቢሆን ኖሮ ዋንጫው የእኛ ነበር። ይህ ሒሳብ ክረምቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። የዘንድሮው መርሐ ግብር ወጥቶ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ቪላ ሜዳ ወደ ቪላ ፓርክ እንደምንሄድ ሳይ፣ ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን አላየውም አልኩ።

ለእንግዳ ቡድን ደጋፊ የሚሸጥ ትኬት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ደንብ ከ30 ፓውንድ አይበልጥም። ለዚህ ደንብ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከለንደን ዩስተን ጣቢያ የሚነሳው ባቡር ግን ደርሶ መልስ ከዚያ እጥፍ በላይ አስከፈለኝ፣ ያም ሆኖ መቀመጫ አላገኘሁም። ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ሰኞ በእንግሊዝ የሕዝብ በዓል ስለሆነ አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቷል። ከእኛ በፊት የሚነሳው ባቡር ተሰርዞ የሁለት ባቡር ተሳፋሪ በአንዱ ተጫነ። የመቀመጫ ቁጥሬን በእጄ ይዤ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ቆምኩ። መቆሙ አላናደደኝም። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በሚኒባስ ታጭቄ ሄጃለሁ፤ እዚያ ግን ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፣ ሰውም ይጠጋል፣ ልጅ የታቀፈች እናት ቆማ አትሄድም። እዚህ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ቆማ ሳለ አጠገቧ ወንበር ላይ ሻንጣ ተቀምጦ ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ባለ ሻንጣውን አንሣልኝ አልኩት። አነሳው፣ እርሷም ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ እስከ በርሚንግሃም የተነጋገረ ሰው አልሰማሁም።

ከተማዋን አላየኋትም ማለት ይቻላል። ከኒው ስትሪት ጣቢያ ስታዲየሙ አጠገብ ወዳለው ዊተን ጣቢያ በምትወስደው ትንሽ ባቡር ላይ ግን ቀለሙ የለቀቀ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ሻርፕ ያደረጉ ሽማግሌ ጎኔ ቆሙ። የአርሰናል ማልያዬን አይተው ሰላም አሉኝ። በ1982 ሮተርዳም ላይ ቪላ ባየርን ሙኒክን 1 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ፣ የዛሬውን ቻምፒዮንስ ሊግ፣ ሲያነሳ ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። ቡድናቸው ከዚያ ዘመን ወዲህ ወደዚህ ታላቅ ውድድር የሚመለሰው ዘንድሮ ነው፤ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቆራረጠ። ከአርባ ዓመት በላይ አንድ ነገር የጠበቀ ሰው ፊት ቆሜ የራሴን የሁለት ነጥብ ቁጭት ማንሳት አልቻልኩም። ስንለያይም «ሲያልቅ ዊተን ላይ ሰልፍ እንዳትይዝ፣ እስከ አስቶን ጣቢያ በእግርህ ሂድ» ብለው መንገዱን በእጃቸው አሳዩኝ።

ቪላ ከ1897 ጀምሮ የሚጫወተው እዚሁ ነው። ሆልት ኤንድ ከሚባለው ትልቁ የደጋፊዎች መቀመጫ የሚነሳው ድምፅ ደረት ይነካል። ጨዋታው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። በቪላ አሠልጣኝ ቦታ የቆመው ኡናይ ኤምሪ አርሰናልን ያሠለጠነ፣ ግባቸው ላይ የቆመው ኤሚ ማርቲኔዝ በ2020 እኛ የሸጥነው ግብ ጠባቂ ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ የቪላው አጥቂ ኦሊ ዋትኪንስ ንጹሕ የግብ ዕድል አግኝቶ ወደ ውጪ ላከው። አጠገቤ የነበረው ወጣት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዕረፍት መልስ የሆነውን ግን እስካሁን በዓይኔ አያለሁ። የቪላው ኦናና የመታው ኳስ ሰው ነክቶ ወደ ላይ ተነሳና አግዳሚውን መታ። ግብ ጠባቂያችን ዳቪድ ራያ መሬት ላይ ነው። ኳሱ ተመልሶ ዋትኪንስ ራስ ላይ ወረደ፤ በጥቂት ሜትር ርቀት በግንባሩ ገጨው። ሆልት ኤንድ ግብ ብሎ ጮኸ። ራያ ከወደቀበት ተነሥቶ፣ ወደ ኋላ እየተወረወረ በአንድ እጁ አወጣው። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ዝም ተባለ፤ ኳሱ መረብ ውስጥ አለመሆኑን ዓይናችን ያመነው ቆይቶ ነው። ከዚያ የማላውቀው ሰው አንገቴን አቅፎ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ።

የእኛው ሌአንድሮ ትሮሳርድ ማርቲኔሊን ተክቶ ገብቶ ገና ሳይሞቅ በ67ኛው ደቂቃ አገባ። በ77ኛው ቡካዮ ሳካ ያቀበለውን ቶማስ ፓርቴይ ሲመታ ኳሱ ከማርቲኔዝ እጅ አምልጦ መረብ ውስጥ ገባ፤ 2 ለ 0።

«ገና ሁለተኛ ሳምንት ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ የምላቸው አንድ ነው፦ የነሐሴ ሦስት ነጥብ ከግንቦት ሦስት ነጥብ አይቀልም። ባለፈው ዓመት በግንቦት የጎደለን በኅዳር የጣልነው ነው፤ ያኔም «ገና ነው» ተብሎ ነበር። ደግሞም ቅዳሜ ዕለት አብዛኛውን ጊዜ የተሻልነው እኛ አልነበርንም። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለውን ቀን በዚህ ሜዳ ተሸንፈንበታል፤ ዘንድሮ አሸነፍንበት። የምደሰተውም በዚህ ነው።

ሽማግሌው እንዳሉኝ ወደ አስቶን ሄድኩ፤ ሰልፉ አጭር ነበር። ዩስተን የደረስኩት እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ፣ በዚያ ሰዓት እንቅልፍ አጥቶ ደወለልኝ። ጨዋታውን ሰፈር ውስጥ በሰው መሐል ታጭቆ ነው ያየው።

«የፓርቴይን አየህ?» አለኝ።

«ራያን አየሁ» አልኩት።

«ግብ ያላስገባ ሰው ጨዋታ አያሸንፍም።»

የስልኩ ሒሳብ እስኪያልቅ ተከራከርን። ቅዳሜ ብራይተን ወደ እኛ ሜዳ ይመጣል፤ ክርክሩ ያኔ ይቀጥላል።