ፑሪ ላይ ያየሁት ፊልም

ከሕንዷ ከተማ ከቪሻካፓትናም በሌሊት ባቡር ተነሳሁ። እዚያ አንድራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሐበሻ ብዙ ነው። እረፍት ሲመጣ ጓደኞቼ ደልሂ ሄዱ፤ እኔ ባሕሩን ተከትዬ ወደ ጎረቤቱ ክፍለ ሀገር ወደ ኦዲሻ ወጣሁ። ፑሪ ስገባ ገና እየነጋ ነበር።

ያሳደሩኝ ሰው ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «ማውሳ» ይላቸዋል። የአክስት ባል ማለት ነው፤ ግን እኛ «ጋሼ» እንደምንለው ለማንኛውም ታላቅ ሰው ይሆናል። በኦዲሻ ቋንቋ፣ በኦዲያ ስለሚሠራው ፊልም ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ።

«በ1936 ሁለት ነገር አገኘን» አሉኝ። ሚያዝያ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን (ቀኑም ዓመቱም በፈረንጆቹ ነው) ኦዲያ ተናጋሪው ሕዝብ የራሱን ክፍለ ሀገር አገኘ። በ28ኛው ቀን እዚሁ ፑሪ፣ ላክሽሚ ቶኪስ ሲኒማ ቤት፣ የመጀመሪያው የኦዲያ ፊልም ታየ። አንድ ወር እንኳ አልሞላም! ፊልሙ «ሲታ ቢባሃ» ነው፤ የሲታ ሠርግ። ሲታና ባሏ ራማ ራማያና በሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ ታሪክ ውስጥ ያሉ ናቸው። ሞሃን ሱንዳር ዴብ ጎስዋሚ ነው የሠራው። ኦዲሻ ስቱዲዮ ስላልነበራት ካልካታ ድረስ ሄደው ቀረጹት። ራማን ሆኖ የተወነው ሰውዬ የተከፈለው 120 ሩፒ ነው።

ሁለተኛው ፊልም «ላሊታ» የወጣው ግን በ1949 ነው። 13 ዓመት! ሲታ በተዳረችበት ዓመት የተወለደ ልጅ ድምፁ እስኪጎረንን በቋንቋው አዲስ ፊልም አላየም። ይሄ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ማታ ማውሳ ካጃ አቀረቡ። ንብርብር ያለ፣ ስኳር የጠጣ ጣፋጭ ነው፤ ሲነክሱት ይሰባበራል። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍተው «ማያ ሚሪጋ»ን አሳዩኝ። ሲታን ያታለለችው ሚዳቋ ማለት ነው። ኒራድ ሞሃፓትራ በ1984 ያወጣው፣ እዚሁ ፑሪ የተቀረጸ ፊልም ነው። በሕይወቱ የሠራው ረጅም ፊልም ይሄ ብቻ ነው። ዋናው ኔጋቲቭ ክፉኛ ተበላሽቶ ነበር። የሙምባዩ ፊልም ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን አድኖት በ2024 ጣሊያን፣ ቦሎኛ ላይ እንደገና ታየ። እኛ ያየነው አሮጌውን ኮፒ ነው፤ ምስሉ ደብዝዟል። ቢሆንም ዓይኔን አልነቀልኩም።

ታሪኩ የአንድ ርዕሰ መምህር ቤት ነው። ልጆች፣ አያት፣ ምራት፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ሥር። አንዱ ልጅ ትልቁን የመንግሥት ፈተና ያልፋል፤ ቤቱ በደስታ ይሞላል። ከዚያ ልጁ ደልሂ ይሄዳል፣ ሀብታም ቤት ያገባል፣ አይመለስም። የወጥ ቤቱ ሸክም ትልቋ ምራት ላይ ነው። የሚጮህ የለም። ክፉ ሰውም የለም። እኔም በፈተና ያለፍኩ፣ ቤቴን ትቼ የወጣሁ ልጅ ነኝ። ጉሮሮዬን አነቀኝ።

መሃል ላይ የማውሳ ስልክ ጮኸ። ፊልሙን አቆሙት። ባንጋሎር የሚሠራው ልጃቸው ነው። «በልተሃል?» አሉት መጀመሪያ። ኦዲያ ባልችልም ይቺን ያዝኳት፤ ጠዋት ለእኔም በሯን ሲከፍቱልኝ ያሏት ቃል ናት።