የእድሩ መዝገብ

በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ካሉ ወረዳዎች በአንዱ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያ ነኝ። ይህ የሆነው በሁለተኛው ክረምቴ ነው።

እኛ ጋ ጎርፍ የሚመጣው እኛ ጋ ስለዘነበ ብቻ አይደለም። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ላይ ሲጥል ካደረ፣ ሜዳው ላይ ፀሐይ ወጥቶም ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ክረምቱ ሲገፋ ደግሞ ሐይቁ ራሱ ስለሚሞላ ውኃው መውጫ ያጣል። ሩዙ ላይ ይተኛል።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ሌሊት የቀበሌው ሊቀመንበር ደወለ። «ውኃው ቤት ገብቷል፤ ቶሎ ድረሱልን።»

ስንደርስ ነግቷል። ጎረቤት ጎረቤቱን በታንኳ አውጥቶ ጨርሷል። የደንገል ታንኳ ናት፤ ሁለት ሰው ሲወጣባት ጠርዟ ከውኃው እኩል ይሆናል። በእሷ ነው ሕፃንና አቅመ ደካማ ሲያመላልሱ ያደሩት። ሰውም ከብትም ከፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ተሰብስቧል።

ወረዳው ያለውን አቀረበ፤ መኪና፣ የጤና ባለሙያ፣ ጥቂት ብርድ ልብስ። እህል ግን የለንም። በዞን በኩል ክልሉን እንጠይቃለን፤ ከክልሉ አቅም በላይ ከሆነ ወደ ፌዴራል ይሄዳል። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በግምት 200 አባወራ ተፈናቅሏል» አልኩ።

ከዞን አንዲት ባለሙያ ደወለችልኝ። ቁጣ አልነበራትም። «ወንድሜ፣ በግምት ብዬ ለክልል ማሳለፍ አልችልም። ሰዉ ስንት ነው? ከ5 ዓመት በታች ስንት? ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡስ?»

እውነቷን ነው። ቀለብ የሚሰላው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል። የአራት ሰው ቤትና የዘጠኝ ሰው ቤት እንዴት አንድ ይሆናል? ለሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ አልሚ ምግብ አለ፤ እሱም ቁጥር ይፈልጋል።

ቤት ለቤት እንዳልቆጥር ቤቱ ውኃ ውስጥ ነው። ግማሹ ሰው በየዘመዱ ተበትኗል። ሁለት ቀን እንዲሁ ባከነ። እነዚያ ሁለት ቀናት እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል። ልጅ ያዘለች እናት «ከላይ ምን አሉ?» ስትለኝ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የእድሩ ጸሐፊ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ፌስታል ይዘው መጡ። «ልጄ፣ የምትፈልገው ይሄን አይደለም እንዴ?» ከፌስታሉ ውስጥ ጠርዙ የራሰ ደብተር አወጡ። የተጣበቁትን ገጾች በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ አላቀቁልኝ። አባወራ፣ ሚስት፣ ልጆች፣ አብራ የምትኖር አያት፣ ሁሉም በስም አለ። እድር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ስለሚቆም ማንንም አይዘልም። ባለፈው ወር የተወለደች ሕፃን ሳትቀር ተጽፋለች።

ደብተሩን ይዘን እየጠራን አመሳከርን። የሄደውን የት እንደሄደ ጎረቤቱ ይነግረናል። ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩን ፎቶ አንሥቼ በቴሌግራም ላክሁት። ማታውኑ ለክልል ተላለፈ። የእኔ 200 ከትክክለኛው በብዙ ያንስ ነበር። በግምቴ ቢያልፍ ኖሮ ስንት ቤት ቀለብ ሳይደርሰው ይቀር ነበር!

አሁን ሰኔ ሲገባ፣ ወንዙ ሳይደፈርስ፣ በየቀበሌው የእድር ጸሐፊዎችን እየዞርኩ አገኛለሁ። የመዝገቡ አንድ ግልባጭ ወረዳ፣ አንድ ዞን ይቀመጣል። ዘንድሮ ሽማግሌው ደብተሩን ሲሰጡኝ በሁለት ፌስታል ጠቅልለውት ነበር።