መደብሩን ስንከስ ገዢውን እንዳንሰድብ

በደሴ መሐል ከተማ አንድ ሰፊ የቅናሽ ዕቃ መደብር ከተከፈተ በኋላ የሰፈራችን ነዋሪዎችና ባለ ሱቆች ለንግድ ጽሕፈት ቤት የሚቀርብ አቤቱታ አረቀቁ፤ መምህር በመሆኔም ቋንቋውን እንዳቃናላቸው ረቂቁን ሰጡኝ። ሳነበው ግን ችግሩ የቋንቋ ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። አብዛኛው አንቀጽ መደብሩን የሚከስ መስሎ ይጀምርና ከመደብሩ የሚገዛውን ሰው ሰድቦ ይጨርሳል። ያንን አቤቱታ እንዴት እንደገና እንደጻፍኩትና ከሥራው ምን እንደተማርኩ እዚህ አካፍላለሁ። በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች በመመሪያ ስለተከፈተ ከዚህም የሚበልጡ መደብሮች ወደየከተማው መምጣታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ተመሳሳይ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ይጠቀምበታል ብዬ አስባለሁ።

የረቂቁ አንዱ አንቀጽ «ከገጠር የሚመጣው ሁሉ እየተጋፋ መንገዱን ዘጋው» ይላል። ሌላው «ጥራት የማያውቅ ሰው ርካሽ ባየ ቁጥር ይሰለፋል፤ ከተማችንም በቻይና ኮተት ተሞላች» ብሎ ያማርራል። ፔርሙስና የሲኒ መደርደሪያ ገዝተው የሚሄዱ የገጠር ሴቶችን በሚመለከት ደግሞ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚል ተረት ገብቶበታል። ከዚህ ሁሉ በታች፣ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ መደብሩ ደረሰኝ እንደማይሰጥ፣ ዋጋ እንደማይለጥፍ፣ ሠራተኞቹንም ከጠዋት እስከ ምሽት እንደሚያቆማቸው በሁለት መስመር ተጠቅሷል። ከባዱ ክስ ትንሿን ቦታ መያዙ በጣም አሳሰበኝ፤ አቤቱታውን የሚቀበለው ሹም የላይ የላዩን አንብቦ «ይህ የከተሜ ንቀት ነው» ብሎ ወደ ጎን ቢያደርገው መደብሩ አንዳች ሳይጠየቅ ያመልጣልና።

መጀመሪያ ያደረግኩት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ነጥዬ ጥፋቱ የተጣለበትን አካል በኅዳጉ ላይ መጻፍ ነበር፤ ሻጩ ነው፣ ገዢው ነው ወይስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት? ቀጥዬ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ አነሣሁ፤ ይኸው ነገር ውድ ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ደጃፍ ቢፈጸም ኖሮ እንዲህ ብለን እንጽፍ ነበር ወይ? በከተማችን ከውድ የቤት ዕቃ መሸጫዎች ፊት የሚቆሙ መኪኖች ግማሹን መንገድ ሲይዙት ማንም አቤቱታ ጽፎ አያውቅም። ከውጭ የመጣ ሙሉ ልብስ በብዙ ሺህ ብር የገዛ ሙሽራ የባዕድ ኮተት ሰበሰበ ተብሎ አይወቀስም። የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡት፤ የአፋሩም የኦሮሞውም የአማራውም ሕዝብ በአንድ ሜዳ ላይ መጋፋቱን የወሎ ጌጥ ነው እያልን ፎቶግራፉን በየቢሮው እንሰቅላለን፤ ያው ገበሬ በመደብር ውስጥ ተራ ሲጠብቅ ግን መንገድ ዘጊ ይሆንብናል። በደርግ ዘመን በቀበሌ ኅብረት ሱቅ ደጃፍ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፈውንም ሰው ጥራት አያውቅም ያለው አልነበረም፤ መምህሩም ጸሐፊውም አብረው ተሰልፈው ነበርና። በዚህ ጥያቄ ስፈትናቸው ስለ ግፊያ፣ ስለ ኮተትና ስለ ዶሮዋ የተጻፉት ሁሉ ወደቁ፤ ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ዋጋና ስለ ሠራተኞች የተጻፉት ግን በየትኛውም ሱቅ ላይ ቢነገሩ የሚጸኑ ሆነው ተገኙ።

«ጥራት የማያውቅ» የሚለውን አባባል ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ልሰርዘው አልፈለግኩም። እውነት ከሆነ መቅረት የለበትም ብዬ ወደ መደብሩ ገባሁና ሰዎች እንዴት እንደሚገዙ ተመለከትኩ። ከኩታበር መምጣታቸውን የነገሩኝ አንዲት እናት ፔርሙስ ሲመርጡ አጠገባቸው ቆምኩ። ክዳኑን ፈተው አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠጉት፤ ጥቂት አዳምጠው መለሱትና ሌላ አነሡ፤ እሱንም አዳምጠው መለሱት። የወደዱትን ሲያገኙ ወደ መብራቱ አዙረው ውስጡን አዩ፤ የላስቲኩን ቀለበት ጫን ጫን አደረጉት፤ የእጀታውን ብሎን በጥፍራቸው ሞከሩት። ምን እንደሚያዳምጡ ብጠይቃቸው «የሚያፏጨው ነው ሙቀት የሚይዘው፣ ልጄ። ዝም ያለው እስከ ቀትርም አያደርስህ» አሉኝ። ለአንድ ዕቃ የብዙ ሳምንት ቁጠባቸውን የሚያወጡ ሰው ዕቃው ቢበላሽ የሚተኩበት ገንዘብ የላቸውም፤ ስለዚህ ከሌላው ይልቅ አጥብቀው ይመረምራሉ። መደብሩ የተበላሸ ዕቃ ሲሸጥ ጥፋቱ የሻጩ መሆኑን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

ሰዎቹ ወደ እንዲህ ያለ መደብር የሚሄዱበትን ምክንያትም ጠየቅኩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲዘረፉ ከፍራሽና ከብርድ ልብስ ጀምሮ የቤት ዕቃውን ያጣ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ቤቱን ቀስ በቀስ መልሶ ያደራጀውም በርካሽ ዕቃ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ዋጋው ስለናረ ቀድሞ ከመካከለኛ ሱቅ ይገዛ የነበረው የመንግሥት ሠራተኛም ወደዚያው ወርዷል። አቤቱታውን ከፈረሙት ጎረቤቶቼ መካከል የመደብሩን ሳህንና ባልዲ በቤታቸው ያየሁባቸው አሉ። ይህን ያነሣሁት ላሳፍራቸው አይደለም፤ ሁላችንም የምንገዛበትን ቦታ የሌላ ሰው ነውር አድርገን መጻፋችን ልክ አለመሆኑን እንዲያዩልኝ ነው።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። ሳም ዋልተን የመጀመሪያውን ዋልማርት በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት፣ ሮጀርስ በምትባል ከተማ ከፈተ፤ ኩባንያው ዛሬ በዓለም ዙሪያ 2 ሚሊዮን ያህል ሠራተኞች አሉት። የሚቀርብበት ክስ ቀላል አይደለም። በካናዳ ኩቤክ፣ ጆንኪዬር በተባለች ከተማ የነበረው መደብሩ ሠራተኞች በ2004 እ.ኤ.አ. በማኅበር ሲደራጁ ኩባንያው በ2005 እ.ኤ.አ. መደብሩን ዘጋው፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2014 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በዚህ ድርጊቱ የሠራተኛ ሕጉን እንደጣሰ ወሰነ። እንዲህ ያለ ማስረጃ እያለ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረ አንድ ድረ ገጽ ዝነኛ የሆነው የመደብሩን ደንበኞች አለባበስና ውፍረት ፎቶግራፍ እያነሡ ለሳቅ በማውጣት ነው። በዚያ ሳቅ የአንድም ሠራተኛ ደመወዝ አልጨመረም፤ የተዋረደውም ደንበኛው ብቻ ነው። በሌላ በኩል ውድ የገዛ ሰው ንጹሕ ነው ማለትም አይቻልም። በሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ በውስጡ የሚሰፋው የርካሹ የፕራይማርክ ልብስ ብቻ አልነበረም፤ በዋጋ ከፍ የሚለው የቤኔቶን ልብስም ነበረበት።

ይህን ሁሉ ስል መደብሩ አይነካ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም እዚህ ላይ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመደብሩ ባለቤት ስለ ደረሰኝ ሲጠየቁ «እኔ የቆምኩት ለድሃው ነው፤ የሚቃወሙኝም ድሃው ደህና ዕቃ እንዳያገኝ የሚፈልጉ ናቸው» ብለው ይመልሱ ነበር። ድሃውን ጋሻ አድርጎ ከሕግ መሸሽ እንደ ንቀቱ ሁሉ ድሃውን መጉዳት ነው። ለዚህ መልስ መንገድ የከፈተላቸው ደግሞ የእኛው ረቂቅ ነው፤ በውስጡ የነበረው ስድብ ተነቅሎ ሲወጣ የሚሉት አጡ።

ሠራተኞቹን ያነጋገርኳቸው ከሥራ ሲወጡ፣ ስማቸውን ሳልጽፍ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እንደሚቆሙ፣ ብዙዎቹም ከገቡ ዓመት አልፏቸው ገና «ሙከራ ላይ ናችሁ» እንደሚባሉ ነገሩኝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የሙከራ ጊዜንም በ60 የሥራ ቀናት ይገድባል። የደመወዙ ማነስ ግን ሌላ ነው። በሀገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኞች የተቆረጠ የደመወዝ ወለል ስለሌለ አንቀጽ ጠቅሶ መክሰስ አልተቻለም፤ ጉዳዩን ከክሱ ለይተን እንደ ጥያቄ አቀረብነው። ዋጋን በግልጽ መለጠፍንና ደረሰኝ መስጠትን በሚመለከት የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 በቂ ሆኖ አገኘነው።

ከሁሉ የከበደኝ የባለ ሱቆቹ ጉዳይ ነበር። ስድቡ ሲወጣ አቤቱታው የሳሳ መስሏቸው ብዙ ተከራከሩኝ። ጉዳታቸው እውነት ነው። የሰፈር ሱቅ ለታመመም ለተቸገረም በዱቤ ይሰጣል፤ ደመወዝ እስኪደርስ ዘይቱንና ምስሩን በደብተር ይዞ ይጠብቃል፤ ትልቁ መደብር ግን ማንንም አያውቅም፣ ለማንም አያበድርም። የሰፈሩ ሱቅ ቢዘጋ በወሩ መጨረሻ የሚራበው ያው ርካሽ ፍለጋ ወደ መደብሩ የሄደው ቤተሰብ ነው። ይህን አቤቱታው ውስጥ በሰፊው አስገባሁት። ሆኖም በዚያው ሱቅ ዘይት በትንሽ በትንሹ የሚገዛ ሰው በሊትር ሲሰላ ከሁሉም አስበልጦ እንደሚከፍል ለባለ ሱቆቹ በግልጽ ነገርኳቸው፤ ሰው ወደ መደብሩ የሄደበትን ምክንያት ካላመንን ክሳችን አይታመንም። ክርክሩን የጨረሱት ግን እኔ ሳልሆን ከራሳቸው ከባለ ሱቆቹ መካከል ያሉ አንዲት ሴት ናቸው። «ደንበኞቼን በጽሑፍ ሰድቤ ነገ በምን አፌ ተመለሱልኝ እላቸዋለሁ?» አሉ። ከዚያ በኋላ የዶሮዋን ተረት ይመለስ ያለ አልነበረም።

የመጨረሻው ሥራ አዲሱን ረቂቅ ለገዢዎቹ ማንበብ ነበር። ስለ እነሱ ስናወራ ከርመን እነሱን አለመጠየቃችን ተገቢ ስላልመሰለኝ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር በመደብሩ አቅራቢያ ባለ ሻይ ቤት ተቀምጠን ከገበያ ለሚመለሱት አነበብንላቸው። ጥቂቶች ከባለቤቱ ጋር መጋጨት አንፈልግም ብለው ሄዱ፤ ሌሎች ፈረሙ፤ መጻፍ የማይችሉትም ጣታቸውን አትመዋል። ከእነሱ የመጣው ሐሳብ ግን ከእኛ አንዳችንም ያልደረስንበት ነው። መደብሩ የተበላሸ ዕቃ የሚለውጠው በማግሥቱ ለመለሰ ሰው ብቻ ነው፤ ከሐይቅ ወይም ከኩታበር ገጠር የመጣ ሰው ደግሞ ወደ ከተማ የሚመለሰው በሚቀጥለው የገበያ ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ አልሠራ ያለው አንድ ገበሬ በሳምንቱ ይዞት ቢመጣ «ቀኑ አልፏል» ተብሎ መመለሱን ነገረን። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቁ፤ አንደኛው ማንኛውም በመብራት የሚሠራ ዕቃ ገንዘቡ ሳይከፈል ሶኬት ላይ ተሰክቶ እንዲፈተን፣ ሁለተኛው የመለወጫው ጊዜ ቢያንስ እስከ ቀጣዩ የገበያ ቀን እንዲደርስ ነው። ሁለቱንም አንደኛና ሁለተኛ ተራ ቁጥር ሰጥተን ከሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት በፊት አስቀመጥናቸው፤ አቤቱታውም በዚሁ ቅደም ተከተል ለጽሕፈት ቤቱ ገባ።