ኳንተም፣ ዳርዊንና ጭላዳ

ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር የፊዚክስ መምህሩ ጓደኛዬ ባዮሎጂዬን ሳይነካካ አይነሳም። ሰሞኑን ደግሞ ዝግመተ ለውጥን በኳንተም፣ ማለትም በአተምና ከዚያም ባነሱ ቅንጣቶች ፊዚክስ፣ ካላስረዳሁ ብሎ ድርቅ አለ።

ግማሹን እቀበለዋለሁ። ሁለቱን የዲኤንኤ ሰንሰለቶች አያይዞ የያዛቸው የሃይድሮጅን ቦንድ ነው። ስዊድናዊው ፐር-ኦሎቭ ሎውዲን እ.ኤ.አ. በ1963 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ እዚያ ቦንድ ላይ ያለ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አተም እምብርት) ዘሎ ሊያልፈው የማይችለውን የኃይል ግድብ ሾልኮ ማዶ ሊገኝ ይችላል። በኳንተም ዓለም ይህ ያለ ነገር ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት ዲኤንኤው ከተገለበጠ፣ ከዲኤንኤ «ፊደላት» መካከል ከሳይቶሲን ጋር መጣመር የነበረበት ጓኒን ከታይሚን ጋር ሊጣመር ይችላል። ስህተቱ ሳይታረም ካለፈ ሚውቴሽን፣ ማለትም የዲኤንኤ ለውጥ፣ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን የዳርዊን ነው። ስሜን ተራራ ላይ ጭላዳ ቁጢጥ ብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣር ሲነጭ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ያንን እጅ ያበጀው በትውልዶች የተካሄደ የተፈጥሮ ምርጫ እንጂ የፕሮቶን መሹለክ ብቻ አይደለም።

ጓደኛዬ እዚህ ጋ ማክፋደንና አል-ካሊሊ የተባሉትን ተመራማሪዎች ይመዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ፣ ባክቴሪያ የሚጠቅማትን ሚውቴሽን በኳንተም መንገድ ልታፋጥን ትችላለች ብለዋል። መነሻቸው ጆን ኬርንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ኢ. ኮላይ በተባለች ባክቴሪያ ላይ የተሠራ ጥናት ነው፤ ላክቶስን (የወተት ስኳርን) መጠቀም ለማይችሉ ባክቴሪያዎች እሱ ብቻ ሲቀርብላቸው፣ እንዲጠቀሙበት የሚያስችላቸው ሚውቴሽን ከተጠበቀው በላይ የበዛ መስሎ ነበር። ለእኔ የማክፋደንና የአል-ካሊሊ ሐሳብ ችኮላ ነው። የተራበ ሴል ሚውቴሽን ማብዛቱና ጂኑን ደጋግሞ መቅዳቱ፣ ኳንተም ሳይጠራ ብዙውን ያስረዳል።