ኢሲጂው ሠርቷል፣ ሥራስ የት አለ?

ከባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ትምህርቴ ጎን ለጎን የጀመርኩት የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ሲግናል የሚያሳይ መሣሪያ) ሰርኪዩት ንጹሕ ሞገድ ማሳየት ጀምሯል። የገባኝን ላካፍላችሁ፤ «ተመርቀን የት እንሠራለን?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝንም አብሬ እመልሳለሁ።

የልብ ሲግናል ቆዳ ላይ ሲደርስ 1 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። በዙሪያችን ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በ50 ወይም በ60 ኸርዝ የሚፈጥረው ረብሻ በቀላሉ ይውጠዋል። ዝም ብላችሁ ብታጎሉት ረብሻውም አብሮ ይጎላል። ኢንስትሩመንቴሽን አምፕሊፋየር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ቆዳ ላይ በሚለጠፉት ሁለት ኤሌክትሮዶች (ሲግናል መቀበያዎች) እኩል የሚመጣውን ትቶ ልዩነቱን ያጎላል። ቀኝ እግር ላይ የምትለጠፈዋ ኤሌክትሮድ ደግሞ ለእኔ የሁሉም ቆንጆ ናት። የጋራውን ረብሻ ገልብጣ ወደ ሰውነት ትመልሳለች፤ አብዛኛው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እሷን ነቅላችሁ ስክሪኑ እንዴት እንደሚደፈርስ እዩ፤ ከፎርሙላው ይልቅ ያ ያስረዳል። (የምትሞክሩ ካላችሁ በባትሪ ብቻ! ሶኬት ላይ ከተሰካ ነገር ጋር ሰውነታችሁን እንዳታያይዙ። ቻርጀር ላይ ያለ ላፕቶፕም ያው ነው።)

ከሲግናሉ ውስጥ እያንዳንዱን የልብ ምት የሚለየውን ፕሮግራም በፓይተን ጻፍኩት፤ ዘዴው ፓንና ቶምፕኪንስ በ1985 ያወጡት ነው። የሞከርኩት ኤምአይቲ-ቢአይኤች በሚባለው ነፃ የኢሲጂ ዳታ ላይ ነው፤ 48 የተቀዱ የኢሲጂ ሲግናሎች አሉት፣ በሰከንድ 360 ናሙና።

ወደ ሥራው ስመጣ፣ ትምህርታችን ሰፊ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ትንሽ ኤሌክትሮኒክስ፣ ትንሽ ሜካኒክስ፣ ትንሽ ባዮሎጂ ይዘን እንወጣለን። ቀጣሪ ግን «ምን ትችላለህ?» ነው የሚለው። በሰርኪዩት የኤሌክትሪካል ምሩቅ፣ በኮድ የሶፍትዌሩ ይቀድመናል። ስለዚህ አንዱን መርጦ ጠለቅ ማለት ይሻላል ባይ ነኝ። እኔ ኤሌክትሮኒክስና ሲግናል ላይ ሙጭጭ ብያለሁ።

ብዙዎቻችን ሰው ሠራሽ እጅ ወይም ቲሹ መሥራት እንመኛለን። ያ በአብዛኛው የማስተርስና የፒኤችዲ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባባቸው የመሣሪያ ጥገናና ካሊብሬሽን (ልኬቱን ማስተካከል)፣ ተከላና ሥልጠና፣ ሽያጭ፣ እንዲሁም ማንም የማያወራለት የጥራትና የፈቃድ ሥራ ናቸው። ይህን የመጨረሻውን አትናቁት። የጥራት ሥርዓቱን አይኤስኦ 13485፣ የአደጋ ስጋት ትንተናውን አይኤስኦ 14971፣ የኤሌክትሪክ ደኅንነቱን አይኢሲ 60601 የሚባሉት ዓለም አቀፍ የሕክምና መሣሪያ መስፈርቶች ይዘዋል፤ እነዚህን አንብቦ የሚያስረዳ ተማሪ እስካሁን ብዙ አላየሁም። የወረቀት ሥራ ብቻ የሚመስለው ሰው ስለ ቴራክ-25 ያንብብ። ይህ የጨረር ሕክምና ማሽን ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ 6 ታካሚዎች ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር ለቋል፤ የሞቱም አሉ። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ የነበረው የሃርድዌር መከላከያ ተነስቶ ደኅንነቱ ለሶፍትዌር ተትቶ ነበር፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ስህተት ነበረበት።

ቀጣዩ ሥራዬ ፐልስ ኦክሲሜትር (በጣት ላይ በብርሃን የደም ኦክሲጅንን የሚለካ መሣሪያ) ነው። 660 ናኖሜትር ቀይና 940 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ይዣለሁ። ጣት ሲንቀሳቀስ የሚመጣውን መዛባት ያጠራችሁ ካላችሁ ዘዴያችሁን ወዲህ በሉ።