ክላየንቱና ዴመኑ ሲጠፋፉ፦ ከዶከር ትምህርቴ የተወሰደ ማስታወሻ

ዶከርን (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በተባለ ለብቻው በተከለለ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) መማር ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ዕውቀት ስለ ኮንቴይነር አይደለም። ተርሚናል ላይ «ዶከር» ብለን የምንጽፈው ትዕዛዝ ራሱ አንድም ኮንቴይነር እንደማያስነሣ መረዳቴ ነው። ትዕዛዙ መልእክተኛ ነው፤ ክላየንት የሚባለውም እሱ ነው። ኢሜጅ (ኮንቴይነር የሚነሣበትን ጥቅል) የሚያወርደው፣ ኮንቴይነር የሚያስነሣውና የሚያቆመው፣ ኔትወርክ የሚዘረጋው ከጀርባ የሚሠራው ዶከርዲ የተባለው ዴመን ነው። ስለዚህ «ከዶከር ዴመን ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል ስሕተት ሲመጣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ዶከርን አጥፍቶ እንደገና መጫን ጊዜና ዳታ ማባከን ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መልእክቱ ወደ የትኛው አድራሻ እንደተላከ ነው።

«ዶከር ቨርዥን» የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ። መልሱ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ስለ ክላየንቱ፣ ሌላው ስለ ሰርቨሩ፣ ማለትም ስለ ዴመኑ። የክላየንቱ መረጃ ወጥቶ የሰርቨሩ ከቀረ ክላየንቱ ደኅና ነው፤ የጠፋው ግንኙነቱ ነው።

እኔ የምሠራበት ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ሁለቱ የሚገናኙት በኔትወርክ ሳይሆን በቫር ውስጥ፣ ረን በተባለው ማውጫ ሥር ባለ የሶኬት ፋይል (ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት ፋይል) በኩል ነው። የፋይሉ ባለቤት ሩት (በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሲሆን ዶከር የሚባል ቡድንም በላዩ ላይ ፈቃድ አለው። ይህን ያወቀ ሰው ሁለቱን የስሕተት መልእክቶች አያምታታም። «መገናኘት አልተቻለም» ሲል ዴመኑ አልተነሣ ይሆናል፤ አገልግሎቶችን በሚቆጣጠረው ሲስተምሲቲኤል በተባለ ትዕዛዝ ሁኔታውን ማየትና ማስነሣት ነው። አልነሣ ካለ ምክንያቱን የሲስተሙን መዝገብ የሚያሳየው ጆርናልሲቲኤል ይናገራል። የማዋቀሪያው ጄሰን ፋይል ውስጥ አንዲት ኮማ መጉደሏ ብቻ ዴመኑን ሊያስቀረው ይችላል። «ፈቃድ ተከልክሏል» ሲል ግን ሶኬቱ ተገኝቷል፤ እናንተ ናችሁ ያልተፈቀደላችሁ። የተለመደው መፍትሔ ተጠቃሚውን ዶከር ቡድን ውስጥ መጨመር ነው። የቡድን አባልነት የሚነበበው በመግቢያ ጊዜ ስለሆነ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የምናገረው አለ። ዶከር ቡድን ውስጥ የገባ ሰው ሩት ሆነ ማለት ነው። ሙሉውን ዲስክ ኮንቴይነር ውስጥ አስገብቶ የፈለገውን ፋይል መለወጥ ይችላል። በግል ኮምፒውተር ላይ ችግር የለውም፤ ብዙ ሰው በሚጋራው ቤተ ሙከራ ወይም መሥሪያ ቤት ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ በቀላሉ መታደል የለበትም። ለዚያ ሩትለስ የሚባለው አሠራር አለ፤ በ2020 በወጣው 20.10 ዕትም ከሙከራ ደረጃ ወጥቷል። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱን ዴመን ያለ ሩት ሥልጣን ያስነሣል፤ ሶኬቱም በራሱ ማውጫ ሥር ይሆናል።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው አንድ ሊኑክስ ላይ ዶከር ኤንጂን (እስካሁን ያየነው) እና ዶከር ዴስክቶፕ (በመስኮት የሚሠራው መተግበሪያ) አብረው ሲጫኑ ነው። ዴስክቶፕ በ2022 ለሊኑክስ ሲወጣ እንደ ማክና ዊንዶውስ ሁሉ የራሱን ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ይዞ መጣ፤ ዴመኑ የሚሠራው በዚያ ውስጥ ነው። ሲነሣ የራሱን ኮንቴክስት (ክላየንቱ ወደ የትኛው ዴመን እንደሚልክ የሚወስን ቅንብር) ንቁ ያደርጋል፣ ሲዘጋ ወደ ቀድሞው ይመልሳል። ስለዚህ ያው ትዕዛዝ ጠዋት ወደ አንዱ ዴመን፣ ከሰዓት ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። ትናንት የወረደው ኢሜጅ ዛሬ «የለም» የሚባለው ለዚህ ነው፤ አልጠፋም፣ ሌላኛው ዴመን ዘንድ ተቀምጧል። «ዶከር ኮንቴክስት ኤልኤስ» ብትሉ ንቁ የሆነው በኮከብ ምልክት ይታያል፤ «ዩዝ» በሚለው ትዕዛዝ ይቀየራል። ጥቅል ዳታ እየገዛን ለምንማር ደግሞ ኢሜጁን ዳግመኛ ከማውረድ ይልቅ ከአንዱ ዴመን በ«ሴቭ» አውጥቶ በሌላው በ«ሎድ» ማስገባት ይሻላል።

ኮንቴክስቱ ትክክል ሆኖም ግንኙነቱ እምቢ ካለ ዶከር ሆስት የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (ተርሚናሉ ለፕሮግራሞች የሚያስተላልፈውን ቅንብር) ተመልከቱ። ዋጋ ከተሰጠው ኮንቴክስቱን ይሽረዋል።

ዊንዶውስ ላይ በሶኬት ፋይሉ ፈንታ ኔምድ ፓይፕ አለ። አንዳንድ የቆዩ መመሪያዎች ግን ዴመኑን በኔትወርክ ፖርት 2375 ክፈቱት ይላሉ። ይህ ፖርት ምስጠራም የማንነት ማረጋገጫም የለውም፤ የደረሰበት ሁሉ ኮምፒውተሩን ሊያዝ ይችላል። አታድርጉት። ከርቀት መገናኘት ካስፈለገ ከ18.09 ዕትም ጀምሮ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መገናኛ) መጠቀም ይቻላል።

አሁን ያለሁት ሩትለስ ላይ ነው። ሶኬቱን የሚጠቁም ኮንቴክስት ፈጥሬ ክላየንቱ ያለ ሱዱ (በሩት ሥልጣን የሚያሠራ ትዕዛዝ) እየሠራልኝ ነው። ቀጥሎ የሚጠብቀኝ ከ1024 በታች ያሉ ፖርቶች ጉዳይ ነው፤ ሩትለስ በነባሪው እነሱን መክፈት ስለማይችል ድረ ገጼን በ80 ፈንታ በ8080 አስነሥቼዋለሁ። የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት) ቅንብር ቀይራችሁ 80ን የከፈታችሁ ካላችሁ አሠራራችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።